ጌታ በመጣ ጊዜ ነቅተን እንድንገኝ



የዐቢይ ጾም እኩሌታ የሆነው እሑድ በግእዝ ሥርዐታችን ደብረ ዘይት ተብሎ ይጠራል። በዚህ ዕለት የሚነበበው ቅዱስ ወንጌል ከማቴዎስ 24ኛ ምዕራፍ የተወሰደ ሲሆን፣ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በተራራው ተቀምጦ ሳለ ደቀ መዛሙርቱ ለብቻቸው ቀርበው ስለ መምጣቱ ምልክትና ስለ ዓለም ፍጻሜ የጠየቁትን፣ እርሱም የመለሰላቸውን ይተርካል። ዕለቱ በየዓመቱ ይመጣል፤ ወንጌሉም በየዓመቱ ይነበባል። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ይህን ወንጌል ሰምተን ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ወይ ፍርሃትን ይዘን እንወጣለን፣ ወይም ምንም ሳንይዝ እንወጣለን። ፍርሃቱ ቢበዛ እስከ ሰኞ ይቆያል፤ ምንም ሳይይዙ መውጣት ግን ዓመቱን ሙሉ ይዘልቃል።

በዚህ ጽሑፍ ያንን ወንጌል ከወረታና ከፎገራ ሜዳ ጋር አገናኝቼ ላቀርብላችሁ አስቤአለሁ። ጌታችን ስለ መምጣቱ ሲያስተምር ምሳሌ አድርጎ የወሰደው በኖኅ ዘመን የመጣውን የጥፋት ውኃ ነውና። ስለ ውኃ ደግሞ ለፎገራ ሰው ሌላ አስተማሪ አያስፈልገውም።

ዝናቡ በጉና፣ ሙላቱ በፎገራ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና የሚጓዝ ሰው ጉማራን ተሻግሮ ወረታ ይደርሳል፤ ከወረታ ወጥቶ ጥቂት እንደ ሄደም ርብን ይሻገራል። ሁለቱም ወንዞች የሚነሡት ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ አካባቢ ነው፤ ሁለቱም የሚገቡት ወደ ጣና ሐይቅ ነው። በመካከል ያለው ሜዳ ዝርግ በመሆኑ ወንዞቹ ከተዳፋቱ ጠራርገው ያወረዱትን ውኃና ደለል መሸከም ያቅታቸውና ዳርቻቸውን ጥሰው ይወጣሉ። ሐይቁም በክረምት ከፍ ስለሚል ውኃው ቶሎ መሄጃ አያገኝም። አገሬው ይህን «ሙላት» ይለዋል።

አንባቢው ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። የፎገራ ሙላት የግድ በፎገራ ላይ በዘነበ ዝናብ የሚመጣ አይደለም። በሜዳው ፀሐይ ወጥታ፣ ሴቶች ልብስ አስጥተው፣ እህሉም በደጅ ተዘርግቶ ሳለ በጉና ላይ ሰማዩ ሊጠቁር ይችላል። ያ ዝናብ ሰዓታትን ወስዶ፣ አንዳንዴም ሰው ከተኛ በኋላ፣ ሜዳው ላይ ይደርሳል። ስለዚህ በናበጋ፣ በዋገጠራ ወይም በሺና የሚኖር አስተዋይ ገበሬ በሐምሌና በነሐሴ የሚያየው ከራሱ ጣራ በላይ ያለውን ሰማይ ብቻ አይደለም፤ ዐይኑን አንሥቶ ወደ ምሥራቅ ይመለከታል።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰውን የምታስታውሱ ብዙዎች ናችሁ። በዚያ ክረምት የፎገራ፣ የሊቦ ከምከምና የደምቢያ ሜዳዎች በውኃ ተጥለቅልቀው ብዙ ሺህ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ፤ ሰብል ጠፋ፤ ከብት አለቀ። በዚያው ክረምት፣ ለሐምሌ 30 አጥቢያ፣ በድሬዳዋ ከተማ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎችን ወሰደ። ደቻቱ በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል። ዝናቡ የወረደው ከከተማዪቱ በላይ ባለው ደጋ ሲሆን፣ ከታች የነበሩት ሰዎች ግን ተኝተው ነበር። ስለ ሟቾቹ ስንናገር መጠንቀቅ ይገባናል። ጌታችን ራሱ በሰሊሆም ግንብ ተጭኖአቸው ስለ ሞቱት ሰዎች ሲናገር፣ ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ነዋሪዎች ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ በሉቃስ ወንጌል 13ኛ ምዕራፍ አስረድቶአል። ስለዚህ ጎርፍ የመታውን ጎረቤት «ኃጢአቱ ነው» የሚል ክርስቲያን የጌታን ቃል ይቃወማል።

አሁን ወደ ወንጌሉ እንመለስ። ጌታችን ስለ ኖኅ ዘመን ሰዎች ሲናገር የትኛውን በደላቸውን ጠቀሰ? የኦሪት ዘፍጥረት 6ኛ ምዕራፍ ምድር በግፍ ተሞልታ እንደ ነበረች ይመሰክራል። ጌታችን ግን በዚህ ሥፍራ ግፋቸውን አላነሣም። ያነሣው መብላታቸውን፣ መጠጣታቸውን፣ ማግባታቸውንና መጋባታቸውን ነው። በሉቃስ ወንጌል 17ኛ ምዕራፍ ስለ ሎጥ ዘመን ሲናገርም መሸጥና መግዛትን፣ መትከልንና ቤት መሥራትን ይጨምራል። ከእነዚህ ውስጥ ኃጢአት የሚባል የቱ ነው? አንዱም አይደለም። እንዲያውም አብዛኞቹ የእግዚአብሔር በረከት ናቸው። ጉድለታቸው በእነዚህ ነገሮች ውስጥ ተውጠው እስከ ዕለቱ ድረስ ምንም አለማወቃቸው ነው። መጥፎ ነገር በማድረግ ብቻ ሳይሆን፣ መልካሙን ነገር ብቸኛ ነገር በማድረግም ሰው ሊጠፋ ይችላል። ይህ ለእኛ ለካህናትም የተነገረ ነው፤ የቁምስናው ሥራ፣ ግንባታውና ስብሰባው የቁምስናውን ጌታ ሊያስረሳን ይችላልና።

ታዲያ የሙላት አገር ገበሬ የሚዘጋጀው እንዴት ነው? እህሉን ወደ ቆጥ ያወጣል፤ ከብቱን ወደ ከፍታው ይነዳል፤ ቤቱን ሲሠራ መሠረቱን ከፍ ያደርጋል፤ በሐይቁ ዳር ያለውም ታንኳውን ያዘጋጃል። ነገር ግን ሙላት ይመጣል ብሎ ማረስን አይተውም። ይህን አጥብቃችሁ ያዙልኝ። በ1970ዎቹ ዓመታት በፎገራና በደራ ሩዝ መዘራት ሲጀምር ገበሬው ውኃ የሚተኛበትን መሬት እንዴት እንደሚጠቀምበት ተማረ፤ ዛሬ የፎገራ ሩዝ በየገበያው ይሸጣል፣ ከጤፍ ጋር ተደባልቆም እንጀራ ይሆናል፤ በወረታ ከተማም የሩዝ መፈልፈያው ድምፅ አይቋረጥም። ሰው ይሸሸው የነበረው ውኃ እንጀራ ሆነ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. ባወጣው ቤተ ክርስቲያን በዛሬው ዓለም ስላላት ሥፍራ በሚናገረው ሰነድ፣ አዲስ ምድርን መጠበቃችን ይህችን ምድር የማልማት ትጋታችንን ሊያነቃቃው እንጂ ሊያደክመው እንደማይገባ አስተምሮአል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም የጌታ ቀን ደርሷል ብለው ሥራ የፈቱትን የተሰሎንቄ ሰዎች የገሠጻቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ቀን ቆጣሪዎች

በነዚህ ዓመታት ስለ ፍጻሜ ዘመን የሚናገሩ ድምፆች በዝተዋል። ምክንያቱን መገመት አያዳግትም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ቤተሰብ ኀዘን ተቀምጦአል፤ መንገድ ሲዘጋ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ወጣቱ ነገው ሲጨልምበት፣ «ጊዜው ደርሷል» የሚል ሰው ሰሚ አያጣም። የእኛ ወጣቶችም በስልካቸው ቀን የሚቆርጡ ሰባክያንን እያዳመጡ ወደ ካቴኪስቶቻችን ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። ካቴኪስቱ ጥያቄውን በቁጣ ቢመልሰው ወጣቱ ጥያቄውን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ጥቂት ነገር ልናውቅ ይገባናል።

በአገራችን «ስምንተኛው ሺህ» የሚለው አነጋገር የታወቀ ነው። ሥነ ምግባር ሲበላሽ፣ ልጅ አባቱን ሲሰድብ ያየ ሽማግሌ «ስምንተኛው ሺህ ገባ» ይላል። በባሕረ ሐሳባችን አቆጣጠር ግን ከአዳም እስከ ልደተ ክርስቶስ 5500 ዓመት ነው። በዚህ ላይ 1500 ዓመት ቢጨመርበት ሰባት ሺህ ይሞላል። እንግዲህ ስምንተኛው ሺህ የገባው በ1501 ዓ.ም.፣ ዐፄ ልብነ ድንግል በነገሡበት ሰሞን ነው። ከገባ አምስት መቶ ዓመት አልፎታል ማለት ነው! አባቶቻችን፣ ቅድመ አያቶቻችንም ሁሉ በስምንተኛው ሺህ ኖረው፣ በስምንተኛው ሺህ ሞተዋል። ይህን ለወጣቶቹ ስትነግሩአቸው ይስቃሉ፤ ይሳቁ፤ ከሳቁ በኋላ ግን ለማዳመጥ ዝግጁ ይሆናሉ።

ቀን መቁጠር የአገራችን ብቻ ችግር አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ዊልያም ሚለር የተባለ ሰባኪ የዳንኤልን ትንቢት ቆጥሮ ጌታ በቅርብ እንደሚመጣ ሰበከ፤ በመጨረሻም ተከታዮቹ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1844ን ቆርጠው ጠበቁ። ቀኑ መሽቶ ነጋ። ብዙዎቹ መራራ ኀዘን አዘኑ፤ አንዳንዶቹም እምነታቸውን ጨርሰው ተዉ። ቀን የሚቆርጥ ሰባኪ የሚጎዳው ቀኑ ሳይፈጸም የቀረ ዕለት ነው፤ ያን ዕለት አድማጩ የሚጥለው የሰባኪውን ቃል ብቻ ሳይሆን የክርስቶስንም ቃል ነውና። ጌታችን ያንን ቀንና ያችን ሰዓት ከአብ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ ተናግሮአል፤ ወደ ሰማይ ሊያርግ ሲልም ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዘመኑ ቢጠይቁት ይህን ማወቅ የእነርሱ ድርሻ እንዳልሆነ ነግሮአቸው፣ ምስክሮቹ እንዲሆኑ ላካቸው። ቀኑን ቢጠይቁት ሥራ ሰጣቸው።

የተጠበቀው ንጉሥና የታሰረው መነኩሴ

ደቡብ ጎንደር ስለ ተጠባቂ ንጉሥ ብዙ የሚያውቅ ምድር ነው። ፍካሬ ኢየሱስ በተባለው መጽሐፍ ውስጥ በኋለኛው ዘመን ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ በጽድቅና በሰላም እንደሚገዛ የሚናገር ተስፋ ነበረ፤ በዘመነ መሳፍንት መከራ የተማረረው ሕዝብም ይህን ንጉሥ ይጠብቅ ነበር። የቋራው ካሣ ኃይሉ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ሲነግሡ ስመ መንግሥታቸውን «ቴዎድሮስ» ያሰኙት ከዚህ ተስፋ ጋር አያይዘው ነው። ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አደረጉ፤ በአጠገቡ ባለው በጋፋትም ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አሠሩ። ለአገር አንድነት ያላቸው ሥፍራ በታሪክ የተመዘገበ ነው፤ እዚህ ላይ ልከራከርበት አልመጣሁም። ነገር ግን በነገሡ በ13 ዓመታቸው፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሕይወታቸው አለፈ፤ ደብረ ታቦርም ከዚያ በፊት በእሳት ተቃጥላ ነበር። ሕዝቡ የጠበቀውን ሰላም ከምድራዊ ንጉሥ አላገኘም። ይህ የአንድ ንጉሥ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ የትኛውም ንጉሥ ሊሸከመው የማይችለው ተስፋ ስለ ሆነ ነው።

ይኸው ንጉሥ በነገሡበት ዓመት፣ በዚያው ሠራዊት መካከል፣ እውነተኛውን ንጉሥ የሚጠብቅ አንድ አረጋዊ መነኩሴ በሰንሰለት ታስሮ ይጓዝ ነበር። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1791 ዓ.ም. በጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አቅራቢያ፣ ዲቦ በተባለ ሥፍራ ተወለዱ። እውነትን ፍለጋ ከገዳም ወደ ገዳም ተዘዋወሩ፤ በጎንደርም አስተማሩ። ከቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ ጋር ተዋውቀው ከልዑካኑ ጋር ወደ ግብፅና ወደ ሮም ከተጓዙ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1844 ዓ.ም. ከካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ጋር ተባበሩ። ያ ዓመት የሚለር ተከታዮች ሰማይ ሰማዩን ሲያዩ የነበሩበት ዓመት ነው። በ60 ዓመታቸው ገደማ፣ እ.ኤ.አ. በ1851 ዓ.ም.፣ ማዕርገ ክህነትን ተቀበሉ። በኋላም በጎንደር ታሰሩ፤ በንጉሡ ፊት ቀርበው የሞት ፍርድ ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ቢለወጥላቸውም ከሠራዊቱ ጋር ከቦታ ወደ ቦታ እየተጎተቱ፣ ረኀብና በሽታ ተጨምሮባቸው፣ በ1847 ዓ.ም. ክረምት በሰንሰለት እንዳሉ ዐረፉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1919 ዓ.ም. ብፅዕናቸውን አወጁ።

ይህን የማነሣው የቆየ ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። ከኦርቶዶክስ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጋር አንድ ውኃ እንጠጣለን፣ በአንድ ዕድር እንቀበራለን፤ ዳግም ምጽአቱንም በአንድ የእምነት መግለጫ እንመሰክራለን። የማነሣው መጠበቅ ማለት ምን እንደ ሆነ ስለሚያሳየን ነው። እኚህ አባት የጌታን ቀን አልቆጠሩም። በየማለዳው ሰንሰለታቸውን ይዘው ተነሡ፤ እምነታቸውን ቢክዱ ሊፈቱ ይችሉ የነበረ ቢሆንም አልካዱም። ለእርሳቸው ጌታ የመጣው በደመና ሳይሆን በመንገድ ዳር፣ በክረምት ጭቃ፣ በድካም ነው። ለእያንዳንዳችንም በመጀመሪያ የሚመጣው እንደዚሁ ነው። ቤተ ክርስቲያን እያንዳንዱ ሰው በሞተበት ቅጽበት በክርስቶስ ፊት ለግል ፍርድ እንደሚቀርብ ታስተምራለች። የዓለም ፍጻሜ ዛሬ ላይሆን ይችላል፤ የእኔ ፍጻሜ ግን ዛሬ ሊሆን ይችላል።

በአዲስ ኪዳን የግሪክኛ ጽሑፍ ስለ ጌታ መምጣት ብዙ ጊዜ የተጻፈው ቃል «ፓሩሲያ» የሚል ነው። ቃሉ በዚያ ዘመን አንድ ንጉሥ ወደ ከተማ የሚያደርገውን ጉብኝት ለመግለጽም ያገለግል ነበር፤ ሰዎች መንገድ ይጠርጉ፣ ስጦታ ያዘጋጁ ነበር። በእኛም አገር ንጉሥ ወይም ራስ ከነሠራዊቱ ሲያልፍ ባላገሩ ድርጎ ያወጣ ነበር፤ በጌምድር የሠራዊት መተላለፊያ በመሆኑ ሠራዊት ያለፈበት መንደር ጎተራው እንዴት እንደሚራቆት ጠንቅቆ ያውቃል። «ንጉሥ መጣ» ሲባል ገበሬው የሚደሰት እንዳይመስላችሁ፤ ላሙን ይደብቅ ነበር። አሁን የሉቃስን ወንጌል 12ኛ ምዕራፍ በዚህ ዐይን አንብቡት። ጌታው ከሠርግ ሲመለስ ነቅተው ያገኛቸውን አገልጋዮች ምን እንደሚያደርጋቸው ይናገራል፦ ወገቡን ታጥቆ፣ በማዕድ አስቀምጦ፣ ራሱ ያስተናግዳቸዋል። ድርጎ የሚቀበል ሳይሆን ድርጎ የሚሰጥ ንጉሥ! በቅዳሴያችን ሞቱን፣ ትንሣኤውን፣ ዕርገቱንና ዳግም ምጽአቱን ስናውጅ የምንጠብቀው ይህን ንጉሥ ነው፤ በቅዱስ ቁርባንም አስቀድሞ ራሱ ያስተናግደናል። ስለዚህ ካቴኪስቶች ሆይ፤ ለሕፃናት ስለ ዳግም ምጽአት ስታስተምሩ ከእሳት አትጀምሩ። ከማዕዱ ጀምሩ። ከማዕዱ ውጭ መቅረት የሚያስፈራ መሆኑን ሕፃኑ ራሱ ይረዳዋል።

ዘይቱ ምንድን ነው?

ከዐሥሩ ደናግል አምስቱ ዘይት አልያዙም። ዘይቱ ምን እንደ ሆነ አባቶች በልዩ ልዩ መንገድ ተርጉመውታል፤ እኔ ግን ለፎገራ ምእመናን የምመርጠው የቅዱስ ያዕቆብ መልእክት 5ኛ ምዕራፍ ነው። ሐዋርያው እዚያ ላይ ገበሬው የፊተኛውንና የኋለኛውን ዝናብ በትዕግሥት እንደሚጠብቅ እያነሣ፣ እኛም የጌታን መምጣት እንዲሁ እንድንጠብቅ ያስተምራል። ስብከት የሚሰብክ ሁሉ ይህን ቁጥር ይወደዋል። ከእርሱ ጥቂት ቁጥሮች በፊት ያለውን ግን ብዙዎቻችን እንዘለዋለን፦ እርሻችሁን ያጨዱ ሠራተኞች፣ እናንተ ያስቀራችሁባቸው ደመወዝ፣ ይጮኻል ይላል፤ ጩኸቱም ወደ ሠራዊት ጌታ ጆሮ ደርሷል።

የሩዝ አረም የእጅ ሥራ ነው። አረሙና ሩዙ ገና ቡቃያ ሳሉ ስለሚመሳሰሉ በጭቃና በውኃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ በዐይን እየለዩ መንቀል ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ ከደጋው የሚወርዱ ወጣቶች በየዓመቱ ወደ ሜዳው ይመጣሉ፤ በኅዳርም ለአጨዳ ይመለሳሉ። ብዙዎቹ የገጠር ድሆች ልጆች ናቸው፤ አንዳንዶቹም የደብተር መግዣ የሚፈልጉ ተማሪዎች። «ሩዙ ሲሸጥ እከፍልሃለሁ» ተብለው የተሸኙ፣ ሩዙ ከተሸጠም በኋላ ደጅ የሚጠኑ አሉ። መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ፣ ምርቱ በሌለችበት ተሰፍሮ እኩሌታዋ ሲሶ የሆነባት መበለትም አለች። በሚዛን ላይ ጣቱን የሚያሳርፍ ነጋዴ አለ። ይህን የሚያደርግ ክርስቲያን በደብረ ዘይት እሑድ ቆሞ የጌታን መምጣት ቢዘምር ለማን ነው የሚዘምረው? ጌታ ቢመጣበት የመጀመሪያ ምስክር ሆኖ የሚቆምበት ያ አራሚ ነው። በማቴዎስ 25ኛ ምዕራፍ ፍርዱ የሚሰጠው በረኀብተኛው፣ በተጠማው፣ በእንግዳው፣ በታራዡ፣ በታማሚውና በእስረኛው ጉዳይ ነው፤ ስለ ዘመን ስሌት የቀረበ ጥያቄ እዚያ የለም። ስለዚህ ንስሐ አባት ዘንድ ከመምጣታችሁ በፊት ዕዳችሁን ቁጠሩ። «በሰው ላይ በደልሁ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ የማን፣ ስንት ቀን፣ ስንት ብር የሚለውን እወቁና መልሱ። የተወሰደውን መመለስ ከንስሐ የማይለይ ግዴታ ነው።

ሌላው ዘይት ዕርቅ ነው። በአካባቢያችን ደም የተቃቡ ቤተሰቦች ለዓመታት በአንድ ገበያ ውስጥ በተለያየ በር ይወጣሉ። ሽማግሌ ገብቶ፣ ካሣ ተቆርጦ ዕርቅ የሚወርድበት የቆየና የተከበረ ባህል አለን፤ ነገር ግን ባለፉት ዓመታት ጥይት በበዛበት ሽማግሌ መላክ ራሱ አስፈሪ ሆኖአል። ይህን አውቃለሁ። «ዛሬ ሂዱና ታረቁ» ብሎ በወረቀት ላይ መጻፍ ቀላል ነው፤ ልጁ የተገደለበት አባት ፊት ቆሞ መናገር ግን ቀላል አይደለም። ቢሆንም ከምንም የሚሻል መጀመሪያ አለ፦ ለልጆች ቂምን አለማውረስ። ለልጁ «የአባትህን ደም አትርሳ» እያለ የሚያሳድግ ሰው፣ ጌታ ቢመጣ ልጁ በምን እጅ እንዲቀበለው ይፈልጋል? ካቴኪስቶች በትምህርታችሁ ሁለቱ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን የላኩባችሁ እንደ ሆነ በአንድ አግዳሚ አስቀምጡአቸው። ለሽማግሌዎች የማይቻለው አንዳንዴ በዚያ ይጀመራል።

ስለ ሕሙማን

ይህ ሁሉ በተግባር የሚፈተነው በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ነው። በብዙ ቤት የተለመደ አንድ ጎጂ አሳብ አለ፤ «ካህን ከተጠራ ሕመምተኛው ሊሞት ነው ብሎ ይፈራል» ይባላል። ስለዚህ ካህን የሚጠራው ሕመምተኛው መናገር ካቆመ በኋላ ነው። ምስጢረ ቀንዲል የሬሳ ምስጢር አይደለም፤ የሕሙማን ምስጢር ነው። ይኸው የቅዱስ ያዕቆብ መልእክት 5ኛ ምዕራፍ የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ይጥራ ይላል፤ ይቀበሩ ዘንድ ሳይሆን ይድኑ ዘንድ። ቅዱስ ቁርባንም ለሚያልፍ ሰው ስንቅ ነው፤ ስንቅ ደግሞ የሚቋጠረው መንገደኛው ከመውጣቱ በፊት ነው። ስለዚህ በጊዜ ጥሩን። ሌሊት ቢሆንም ጥሩን።

ሆኖም ካህን መድረስ የማይችልበት ጊዜ አለ። በክረምት ወደ ሐይቁ ዳር የሚወስደው መንገድ በውኃ ይያዛል፤ ባለፉት ዓመታት ደግሞ በግጭት ምክንያት መንገድ የተዘጋበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚህ ጊዜ ምን እናድርግ? ቤተ ክርስቲያን ስለ ፍጹም ጸጸት ታስተምራለች። ይኸውም ሰው ቅጣትን በመፍራት ብቻ ሳይሆን፣ ከሁሉ በላይ ሊወደድ የሚገባውን እግዚአብሔርን በመውደድ ስለ ኃጢአቱ ሲያዝን ነው። እንዲህ ያለ ጸጸት፣ የሚቻልበት ጊዜ እንደ ተገኘ ወዲያው ወደ ምስጢረ ንስሐ ለመቅረብ ከቆረጠ አሳብ ጋር፣ የሞት ኃጢአትን እንኳ ይቅር ያሰጣል። ካቴኪስት ኃጢአትን መፍታትም ሆነ ቀንዲል መቀባት አይችልም። ነገር ግን በሕመምተኛው አጠገብ ተቀምጦ የመስቀሉን ወንጌል ቀስ ብሎ ሊያነብለት፣ የጸጸትን ጸሎት ከእርሱ ጋር ሐረግ በሐረግ ሊደግምለት፣ የበደለው ሰው ካለ ይቅርታ እንዲጠይቅ ጎረቤቱን ሊጠራለት፣ መናገር ካልቻለም እጁን ይዞ በጆሮው ሊጸልይለት ይችላል። ሕመምተኛው የማይሰማ ቢመስል እንኳ ጸልዩ።

ይህ ጸሎት ግን በዚያች ሰዓት የሚጠና አይደለም። ስለዚህ ሩዝ የሚዘራበት ሰኔ ሳይገባ፣ መንገዱም ሳይጨቀይ፣ በየቤቱ ተዘዋውራችሁ የጸጸትን ጸሎት በቃል አስጠኑ፤ በየቤቱ የሚገኙትን አልጋ የያዙ ሕሙማንና አረጋውያንም ስማቸውን ጽፋችሁ ለቆሞሳችሁ ስጡ፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ሊናዘዙና ሊቆርቡ ይችሉ ዘንድ። ሕፃናቱ ጸሎቱን ቶሎ ይይዙታል። አረጋውያኑ ዘንድ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋችኋል።